ተኝቶ ለሚነዳ ሰው የተሰፋ ጥላ

በዚያን ዕለት የነበሩትን አስቀድሜ ልዘርዝር፤ ዝርዝሩ ወደ መጨረሻው ያስፈልገናል። የዕድራችን ጸሐፊና ስም ጠሪ ሃምሳ አለቃ ደግፌ፣ ከብብታቸው ከማይለየው መዝገብ ጋር ነበሩ። የማዕዘኑ ባለሱቅ ይመር ነበረ። የሟች ባለቤት ወይዘሮ አስካለ ነበሩ። ፍትሐቱን ያደረሱት አባ ገብረ ሥላሴ ነበሩ። ከነዚህ ሌላ ሰባ ሰባት የዕድር አባላት፣ ከፊሉ በአውቶቡስ ከፊሉ በእግር፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጥተዋል። ሸራ ሰፊው አቶ ተሰማም ነበሩ፤ ቀብሩ የእርሳቸው ስለ ነበረ መቅረት አልቻሉም። በመጨረሻም እኔ ነበርኩ፤ ከመሬት ስንዝር ተኩል ብቻ ከፍ ባለች ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌት ላይ በጀርባዬ ተንጋልዬ፣ ሰማይ ሰማይ እያየሁ።

እኔ ብዙ የምናገር ሰው አይደለሁም። ዝምታን የተማርኩት ዝምታ ዕድሜ በሚያስረዝምበት ዘመን ነው፤ ዘመኑ ሲያልፍ ልማዱን የሚረከበኝ አጣሁና ይዤው ቀረሁ። የሥራ ዘመኔን በሙሉ ያሳለፍኩት አንዱን የብራና መጽሐፍ ከሌላው ጋር እያነጻጸርኩ፣ የጥንት ጸሐፊዎች የዘለሏትን ቃል ስፈልግ ነው። ከሙታን ጋር እንዲህ የተቀራረበ ሰው ለሕያዋን የሚተርፈው ወሬ ጥቂት ነው። ስለዚህ ይህን ነገር ለማንም ሳልነግር ብዙ ክረምት አለፈ። ዛሬ የምጽፈው፣ ሰፈራችን ስለ እኔ የሚያወራው ውዳሴ ሐሰት መሆኑን ሳላስታውቅ እንዳልሞት ብዬ ነው።

ነገሩ ከወገቤ ይጀምራል። ሠላሳ ዓመት ብራና ላይ ያጎነበሰ ወገብ፣ በ1980ዎቹ መገባደጃ፣ አንድ ቀን ጠዋት ጫማዬን ላሥር ዝቅ ባልኩበት ከዳኝ። ሐኪሙ ራጁን ወደ መስኮቱ አንሥቶ ብዙ ካየ በኋላ፣ «አባባ፣ ይቁሙ ወይም ይተኙ፤ መቀመጥ ግን ይቅርብዎ» አለኝ። በዚህች አገር ሳይቀመጡ መኖር ምን ማለት እንደ ሆነ ልብ በሉ። ለቅሶ መቀመጥ ነው። ሰርግ መቀመጥ ነው። ቀበሌ መቀመጥ ነው፤ እዚያማ ከመቀመጥ ሌላ ሥራ የለም። ሚኒባስ ደግሞ መቀመጥ ብቻ ሳይሆን መታጠፍ ነው። ከገርጂ እስከ ላምበረት አንድ ጊዜ ታጥፌ ሄጄ፣ ሁለት ሳምንት ተዘርግቼ ከረምኩ።

በዚህ ጊዜ ከግቢዬ ጀርባ ተከራይቶ ይኖር የነበረ አንድ የውጭ አገር ሰው ሥራው አብቅቶ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ ሌሎች ድመታቸውን ለጎረቤት እንደሚተዉ፣ ብስክሌቱን ለእኔ ተወልኝ። ሁለት ጎማ ከፊት፣ አንድ ከኋላ፤ በመካከሉ እንደ ወታደር አልጋ የተወጠረ መደገፊያ። ነጂው ይተኛና እግሩን ወደ ፊት ሰቅሎ ይረግጣል። ሰውየው ለወገብ ፍቱን መሆኑን በምልክት አስረዳኝ፤ እውነቱን ነበር። ያልነገረኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ከላዩ መነሣት ነው። መተኛት ለማንም ቀላል ነው፤ ወገብ የሚያስፈልገው ለመነሣት ነው። ሁለተኛው ሰማዩ ነው።

ቀጥ ብሎ የሚሄድ ሰው ሰማይን በአናቱ ይቀበላል። አናት ለዚህ የተፈጠረ፣ ጠጉርም ባርኔጣም የተመደበለት አካል ነው። የተንጋለለ ሰው ግን ፀሐይን በዐይኑ ቆብ፣ በአገጩ ሥር፣ በአፍንጫው ቀዳዳ ይቀበላል። ስልሳ ዓመት ሙሉ ፀሐይ አይተው የማያውቁ የፊቴ ክፍሎች በአንድ ሳምንት ተልጠው ወደቁ። ዝናቡን አላወራም፤ ተኝተው አፋቸውን ዘግተው ሽቅብ የረገጡ ያውቁታል፤ በአፍንጫ መተንፈስና በአፍንጫ መጠጣት በአንድ ጊዜ አይቻልም።

የመጀመሪያ ሙከራዬ ባርኔጣ ነበር። የኋለኛው ክፈፍ ከመደገፊያው ጋር ሲጋጭ የፊተኛው አፍንጫ ላይ ይወርዳል። ከቤቴ እስከ ወፍጮ ቤቱ ምንም ሳላይ ሄድኩ፤ ያቆመኝም የወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ነው። ሁለተኛው ጃንጥላ ነበር፤ ከመሪው ጋር በሲባጎ ጠፍሬ አሰርኩት። ከአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ የሚነሣው ነፋስ መጀመሪያ ወደማልሄድበት ወሰደኝ፤ ቀጥሎም ጃንጥላውን ገለበጠውና እንደ ገበቴ ዝናብ እንዲያጠራቅም አደረገው፤ በመጨረሻም ያጠራቀመውን ሁሉ ደረቴ ላይ ደፋው። ሦስተኛው ላስቲክ ነበር። ዝናቡን በሚገባ ከለከለ፤ ፀሐይዋ ስትወጣ ግን በውስጡ በራሴ እንፋሎት ተቀቀልኩ። ይመር ከሱቁ ወጥቶ የላስቲኩን ጫፍ ገለጥ አደረገና አየኝ።

«መምህር፣ በዚህ ከቆዩ መብሰልዎ አይቀርም» አለኝ። «ጨው ከፈለጉ አለኝ።»

ይመር ወሎዬ ነው፤ ሰው ሲቸገር አይቶ ሳያጽናና፣ አጽናንቶም ሳይቀልድ አያልፍም።

ከዚህ በኋላ ነገሩን እንደ ምሁር ያዝኩት፤ ጥፋቱም እዚያ ላይ ነው። ደብተር ገዛሁ። አንድ ወር ሙሉ በመስኮቴ ቆሜ ዝናቡ ከየት ወደየት እንደሚያዘም፣ ፀሐይዋ በየሰዓቱ የትኛውን የፊቴን ክፍል እንደምትመታ መዘገብኩ። የድካሜ ውጤት በአጭሩ ይህ ነው፦ የገርጂ ዝናብ ከየትም ተነሥቶ ወደየትም ይሄዳል። ይህን በሥዕል ገልጬ ለአቶ ተሰማ አሳየኋቸው።

አቶ ተሰማ አጥር ብቻ የሚለየን ጎረቤቴ ነበሩ። ዕድሜያቸውን በላምበረት ለጭነት መኪናዎች ሸራ ሲሰፉ ኖረው፣ ካረጁ በኋላ ሥራውን ወደ ደጃቸው አምጥተውታል። ወፍራም መርፌያቸው ኮሌታቸው ላይ እንደ ኒሻን ተሰክቶ ይውላል። ንድፌን አዙረው አዙረው አዩት።

«ይህ ምንድን ነው መምህር?»

«የጥላው ንድፍ ነው።»

«እኔስ የአባይ ገባሮች መስለውኝ ነበር።» ወረቀቱን በአራት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። «ይተኙ እስቲ።»

«የት?»

«እዚሁ መሬቱ ላይ። መኪናም ልኩን የምወስደው መጥቶ ሲቆምልኝ ነው፤ በሥዕል ልኮልኝ አያውቅም።»

ተኛሁ። በሲባጎ ከእግሬ እስከ አናቴ ለኩኝ፤ ከትከሻ እስከ ትከሻ ለኩኝ። ወይዘሮ አስካለ ከደጃፉ ላይ ሽንኩርት እየላጡ ያዩናል።

«የተኛ ሰው ልክ ቀላል ነው» አሉ አቶ ተሰማ ቋጠሮ እየቋጠሩ። «ሆዱን አይነፋም፣ አይቁነጠነጥም፣ ጠበበኝም አይልም።»

«አንተ ሰውዬ፣ ሟርት ተው» አሉ ወይዘሮ አስካለ።

ሸራው የዕድሩ አሮጌ ድንኳን ቁራጭ ነበር። ድንኳኑ ሲቀየር ለመጠገኛ ይሆናል ተብሎ እርሳቸው ዘንድ የተቀመጠ ነው። «ስንቱን ሐዘን የቻለ ሸራ ነው፤ የእርስዎ ዝናብ አያቅተውም» አሉኝ። በአንዱ ጎኑ ግን «የዕድሩ ንብረት» የሚል ጽሑፍ በጥቁር ቀለም፣ በቁመት አንድ ክንድ በሚሆን ፊደል ተጽፎበታል።

«ጽሑፉን ወደ ውስጥ ላድርገው ወይስ ወደ ውጭ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

አስተዋይ ሰው ቢሆን ወደ ውስጥ ይላል። እኔ ግን ፊደል ከፊቴ ከተቀመጠ ሳላነብ ማለፍ አልችልም፤ ወደ ውስጥ ቢሆን መንገድ ሙሉ «የዕድሩ ንብረት» ሳነብ ልውል ነው። «ወደ ውጭ ያድርጉት» አልኩ። ይህችን ቃል አስታውሱልኝ።

ጥላው አማረ። ሁለት የቀጠነ ፌሮ እንደ ቀስት ጎብጦ፣ እግሮቹ በብስክሌቱ ጎንና ጎን በተበየዱ ቱቦዎች ይሰካሉ፤ ሲፈለግ ይነቀላሉ። በፊቴ በኩል እንደ ድንኳን በር በገመድ የሚታሰር መስኮት አለው። ነፋስ ይገባል፤ ፀሐይ አይገባም። ዝናብ ይወርዳል፤ እኔን አያገኘኝም። ጠርዙ ሁሉ ሁለት ሁለት ጊዜ ተሰፍቷል። እኔ በደብተር ሙሉ ጥናት ያላገኘሁትን እርሳቸው በአንድ ሲባጎ አገኙት።

ከዚያ ወዲህ ለስምንት ወር ያህል ከቤት የሚወጣ ሰው ሆንኩ። ወደ ማታ ስመለስ ብስክሌቴን በአቶ ተሰማ ደጃፍ አቁሜ ደወሌን እደውላለሁ። ይወጣሉ፤ ከኋላዬ ዞረው በብብቴ ሥር እጃቸውን ያስገባሉ፤ «አንድ፣ ሁለት» ይላሉ፤ ቆሜ እገኛለሁ። ሦስትን ጠርተው አያውቁም። «ሦስት ከተባለ ሰው ይሰጋል፤ ሲሰጋ ይከብዳል» ይሉ ነበር። ብዙ አናወራም። በሕይወቴ ከማንም ጋር እንዲህ ያለ ወዳጅነት አልነበረኝም ብል፣ አንባቢ እንደማያጋንን ሰው ይመነኝ።

አሁን ስለ ዕድሩ ደንብ መናገር አለብኝ፤ የጻፍኩት እኔ ነኝና። ከብዙ ዓመት በፊት አባላቱ «አንተ የተማርክ ነህ» ብለው ብዕሩን ሰጡኝ። እኔም እንደ ብራና ጸሐፊ አንዲት ቀዳዳ ሳልተው ጻፍኩት። በተከታታይ ሦስት ቀብር የቀረ አባል ይሰረዛል። ስም የሚጠራው አፈር ከተመለሰ በኋላ፣ በመቃብሩ ዳር ነው። እያንዳንዱ በገዛ አፉ «አለሁ» ይላል፤ ማንም ስለማንም አይመልስም። በስብሰባው ላይ አቶ ተሰማ እጃቸውን አንሥተው፣ «ለታመመ ሰውስ አንድ መስመር አይጨመርም?» ብለው ነበር። እኔም፣ ሕመም ለአንድ ሰው ከተፈቀደ ሰፈሩ በሙሉ ይታመማል ብዬ መለስኩ። ተጨበጨበልኝ። በሕይወቴ የተጨበጨበልኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

እንግዲህ ብስክሌቷ ሳትመጣ በፊት በወገቤ ምክንያት ሁለት ቀብር ቀርቼአለሁ። ከዚያ በኋላ አሥር ወር ያህል፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከአባላቱ ማንም አልሞተም። ሃምሳ አለቃ ደግፌ ግን መንገድ ላይ ባገኙኝ ቁጥር፣ ጎንበስ ብለው በመስኮቴ ያዩኝና፣ «መምህር፣ አንድ ይቀርዎታል» ይሉኝ ነበር። ሚስቴ አርፋለች፤ ልጅ አልወለድንም። ከዕድሩ ከተሰረዝኩ እኔን ተሸክሞ የሚቀብረኝ አንድም ሰው የለም። በደንቤ ላይ ደግሞ የተሰረዘ ሰው ተመልሶ የሚገባበት አንቀጽ አልጻፍኩም።

በሐምሌ አንድ ማለዳ ጥሩምባው ተነፋ። ለፋፊው የጠራው ስም የአቶ ተሰማን ነበር። የሰው መኪና ሸራ እየጠገኑ ሳለ፣ ክሩን በጥርሳቸው በጥሰው፣ ቀና ሳይሉ ቀሩ። መርፌው ኮሌታቸው ላይ ነበረ ይላሉ።

ቀብሩ ወላጆቻቸው ባረፉበት፣ በቡልቡላ ገጠር ባለች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ሃምሳ አለቃ ወደ እኔ መጡ።

«መምህር፣ አስከሬኑን የምትወስደው ፒክአፕ ሰፊ ናት። ከጎናቸው ተኝተው ቢሄዱስ?»

«ከሬሳ ሣጥኑ ጎን?»

«ምን ችግር አለው? ጎረቤት አይደላችሁ? ልዩነቱ እርስዎ ይመለሳሉ።»

በክብሬ ላይ የተቃጣ መስሎኝ፣ «በራሴ እደርሳለሁ» አልኩ። የበሩን መቃን ይዤ ራሴን ብስክሌቷ ላይ ጣልኩና ከሁሉ ቀድሜ ወጣሁ። ለመተኛቱ ማንም አላስፈለገኝም፤ ስደርስ ከላይዋ ማን እንደሚያነሣኝ ያሰብኩት ግን ኢምፔሪያል ላይ ነው። ያነሣኝ የነበረው ሰው ከኋላዬ በፒክአፕ እየመጣ ነው።

ሰማዩ ያን ጠዋት ጥርት ያለ፣ የሐምሌ ሌባ ፀሐይ ነበር። ኢምፔሪያል ላይ መኪና ተጨናንቆ ቆምኩ። ከሚኒባስ በር የተንጠለጠለ ጎልማሳ ወያላ በጎኔ ያለውን ጽሑፍ አነበበ፤ ከመስኮቴ የሚታየውን እግሬንም አየ።

«ሾፌር፣ ይሄ ሬሳ ራሱን እየነዳ ነው እንዴ የሚሄደው?» አለ።

ሾፌሩ ዞር ብሎ አየኝና በሐዘን ራሱን ነቀነቀ። «ዘመድ የሌለው ሰው ምን ያድርግ» አለ።

ብዙ ሰው ሰድቦኝ ያውቃል፤ በሹመኞች ቢሮም በጽሑፍ ተሰድቤአለሁ። እንዲህ ያለ ስድብ ግን ሰምቼ አላውቅም፤ ምክንያቱም ስድብ አልነበረም።

ትንሽ አለፍ ብሎ በመንገዱ ዳር የቆሙ አንድ ሽማግሌ ሸራውን ሲያዩ ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ አደረጉ፤ አማተቡም፤ በወጋችን መሠረት ጥቂት እርምጃም ሸኙኝ። እኔም በተማርኩት ጨዋነት፣ አክብሮት ያለ ምላሽ መቅረት የለበትም ብዬ እጄን በመስኮቱ አውጥቼ እጅ ነሣሁ። ሽማግሌው በዕድሜያቸው የማይጠበቅ ሩጫ ሮጡ። ባርኔጣቸው መንገዱ ላይ ቀረ። ጎንበስ ብዬ ላነሣላቸው አልቻልኩም፤ ያ ባርኔጣ እስከ ዛሬ ሕሊናዬ ላይ አለ።

ከአውሮፕላን ማረፊያው ጀርባ አስፋልቱ አልቆ የቡልቡላ ዋልካ ጭቃ ተቀበለኝ። ዋልካ ጎማን አይለቅም፤ በአንድ ርግጫ የሄድኩትን በአንድ ርግጫ ይመልሰኛል። ስደርስ ፍትሐቱ አልቆ ሣጥኑ ሊወርድ ነበር። ሕዝቡ መንገድ ሰጠኝ፤ እስከ መቃብሩ አፋፍ ተጠጋሁ። ደርሻለሁ። አልሰረዝም። ይህ ደስታ የቆየው አባ ገብረ ሥላሴ የመጀመሪያውን አፈር እስኪበትኑ ነው።

ሰማዩ ያን ጊዜ ተቀደደ። መጀመሪያ ዝናብ፣ ቀጥሎ በረዶ። ጠዋት ፀሐይ ስለ ነበረ ጃንጥላ የያዘ አልነበረም። ጎልማሶቹ እንደ ምንም አፈሩን መልሰው ሲጨርሱ አካፋቸውን ጥለው ሮጡ፤ ሕዝቡም ተከተላቸው። ሰባ ሰባቱም፣ ከፊሉ ወደ አውቶቡሱ፣ ከፊሉ ወደ ደጀ ሰላሙ ጣሪያ ሥር ገቡ። ወይዘሮ አስካለ ግን ከመቃብሩ ራስጌ ንቅንቅ አላሉም። ይመር ጃኬቱን አውልቆ ቢያለብሳቸውም ወዲያው በሰበሰ።

ሃምሳ አለቃ ደግፌ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ በአቶ ተሰማ ጥላ ሥር፣ ከሁሉም መካከል ብቸኛው ደረቅ ሰው ነበርኩ።

«መምህር፣ ይህ ሸራ የማን ነው?»

«አቶ ተሰማ የሰፉልኝ ነው።»

«በጎኑ ላይ የተጻፈውን ያንብቡልኝ።»

የተጻፈን ነገር ክጄ አላውቅም። «የዕድሩ ንብረት ይላል» አልኩ።

«እንግዲያው ሐዘንተኛዋ ይጠለሉበት።»

ፌሮዎቹን ከቱቦው ነቅለው፣ አዲስ በተመለሰው አፈር ውስጥ በአንድ ግፊት ሰኳቸው። ያኔ ሁላችንም አየን፤ ሸራው ከራስጌ እስከ ግርጌ፣ ከጎን እስከ ጎን፣ አልተረፈም አላነሰም፣ በመቃብሩ ልክ ሆነ። ወይዘሮ አስካለ ከጫፉ ሥር ገብተው ጠርዙን በእጃቸው ዳሰሱት።

«የእሱ እጅ ነው» አሉ። «ሁለት ጊዜ ነው የሚሰፋው።»

እኔ በጀርባዬ ቀረሁ። የቡልቡላ በረዶ የደብተሬን ግኝት ትክክለኛነት ፊቴ ላይ አረጋገጠልኝ፤ ከየትም ነው የሚመጣው።

ሃምሳ አለቃ መዝገባቸውን በሸራው ጫፍ አስጠግተው ገለጡና ስም መጥራት ጀመሩ። አባ ገብረ ሥላሴ፣ «ሃምሳ አለቃ፣ ዝናቡ ያባራ» ቢሏቸው፣ «አባ፣ ደንብ ነው» አሉ። እያንዳንዱን ስም በሙሉ ድምፅ ይጠራሉ፤ የበረዶውን ድምፅ ያዳምጣሉ፤ «የለም» ብለው ምልክት ያደርጋሉ። ከደጀ ሰላሙ በኩል አንዱ፣ «አለሁ፣ እዚህ ነኝ» ብሎ ጮኸ።

«ደንቡ በመቃብሩ ዳር ይላል» አሉ ሃምሳ አለቃ። «የጻፉት ሰውም እዚሁ አሉ።»

ሰባ ሰባት ጊዜ «የለም» ተባለ። ይመር ሲጠራ፣ «አለሁ፣ ወላሂ አለሁ፣ ግን ብዙ አልቆይም» አለ። የእኔ ስም መጨረሻ ላይ ነበር፤ እንደሚሰረዝ ሰው ከግርጌ ተጽፎ ቆይቷል። «አለሁ» አልኩ። አፌን ስከፍት የገባብኝን በረዶ ዋጥኩት።

ሃምሳ አለቃ መዝገቡን ዘጉ። ዐይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር፤ ዝናብም ሊሆን ይችላል።

«ጤነኛው ሁሉ ሸሸ» አሉ። «በሽተኛው ሰው ጥላቸውን ለሐዘንተኛ ሰጥተው፣ ከወዳጃቸው መቃብር አንድ ስንዝር ሳይርቁ በረዶ ሲወርድባቸው ቆዩ። ይህን ለጠቅላላ ጉባኤው እናገራለሁ።»

«ሃምሳ አለቃ፣ እኔ እኮ...» ስል ጎርፉ አፌን ሞላው።

«ምንም አይናገሩ። ትሕትናዎን እናውቃለን።»

ዕድሜ ልኬን ዝም ያልኩት መናገር ስችል ነው። የዚያን ዕለት መናገር ፈለግሁ፤ አልተፈቀደልኝም። በኋላም ሃምሳ አለቃ በጉባኤው ተናገሩት፤ ሰባ ሰባቱም አንድ አንድ መቅረት ተመዘገበባቸው። ከዚያ ወዲህ በየቀብሩ ዝናብ ሲጥል «እንደ መምህር ጽኑ» ይባላል። እኔም አንገቴን እደፋለሁ፤ እርሱንም ትሕትና ነው ይላሉ።

እውነቱን ያወቀው ይመር ብቻ ነው። ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ።

«መምህር፣ መነሣት አቅቶዎት ነው አይደል?»

ዐይኔን ጨፍኜ ገለጥኩለት።

«አብሽሩ፣ አልናገርም።» ቀና ብሎ ሌሎቹን ጠራ። «ኑ እስቲ፣ መምህር ከሐዘን ብዛት እግራቸው ተሳስሯል፤ እናንሣቸው።»

ይመርና ሃምሳ አለቃ ብብቴን ያዙ፤ አባ ገብረ ሥላሴ መስቀላቸውን ወደ ኪሳቸው አስገብተው ከወገቤ ሥር፣ ወይዘሮ አስካለም ከጥላው ወጥተው እጄን ያዙ።

«በሦስት» አለ ይመር። «አንድ፣ ሁለት...»

እኔ በሁለት ተነሣሁ፤ እነርሱ ሦስትን ሲጠብቁ ተመልሼ ወደቅሁ።

«በሁለት ነው» አልኩ።

«በሁለት ደግሞ ምን የሚሉት አነሣስ ነው?»

«እሱ በሁለት ነው የሚያነሣቸው» አሉ ወይዘሮ አስካለ። «ማታ ማታ ከጓዳ ሆኜ እሰማለሁ። ሦስትን አይጠራም።»

ይመር ብብቴን እንደገና ያዘ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «አንድ፣ ሁለት» አለ። ቆምኩ።

ሸራውን ወይዘሮ አስካለ እንዳይነቀል ለመኑ። ሃምሳ አለቃ ጥቂት አሰቡና በመዝገቡ የንብረት ገጽ ላይ «በሥራ ላይ ያለ» ብለው ጻፉበት። እኔም ጠዋት የናቅኋት ፒክአፕ ላይ፣ አቶ ተሰማ በመጡበት ስፍራ ተኝቼ፣ ብስክሌቴን በእግሬ በኩል አስጭኜ፣ ያለ ጥላ ተመለስኩ። ሃምሳ አለቃ እንዳሉት፣ ልዩነቱ መመለሴ ነው።

ዝርዝሩ ያስፈልገናል ብዬ ነበር። ስም ተጠርቶ ሲያበቃ በመቃብሩ ዳር የቀረነው፦ አንሺ አራት፣ ተነሺ አንድ፤ በድምሩ አምስት። አቶ ተሰማን አልቆጠርኳቸውም፤ እርሳቸው ጥላው ሥር ነበሩ።